ብቅሉ እስኪደርቅ

የቢትኮይን ማሽኖች ለብቅል ሲባል አንድ ቀን ሙሉ በኪሳራ ሲሠሩ አይቻለሁ።

ጎጃም ውስጥ ከይጁቤ ከተማ ወረድ ብሎ ባለ ወንዝ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተሠርታ ነበር። መስመሩ ግን መንደሩ ሳይደርስ ቀረ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ማመንጫዋን በሚጠቀመው ኃይል ልክ ሊከፍል ተከራየና አጠገቧ ባቆመው ቆርቆሮ ቤት ቢትኮይን የሚባለውን የኢንተርኔት ገንዘብ የሚያመርቱ ማሽኖች ደረደረ። እኔን ዘበኛ አደረገኝ። ወጣት ነበርኩ፤ ሌላ ማደሪያ አልነበረኝም።

በክረምቱ መሀል ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ እርጥብ ብቅል ተሸክመው መጡ። የባላቸው ተዝካር ደርሷል፤ ፀሐይ ጠፍቶ የጠላው ብቅል ሊሻግት ነው።

«ይኼ ከቤቱ የሚወጣው ትኩስ ንፋስ ምን ይሠራል?»

«ምንም። ማሽኖቹ እንዳይግሉ የሚጣል ነው።»

«ከሚጣልስ የእኔ ብቅል ላይ ይጣል» አሉና ትኩሱ ንፋስ ከሚወጣበት ክፈፍ ሥር አሰጡት።

ብቅሉ ሳይደርቅ አሠሪዬ ሳይታሰብ ደረሰ። ሊያባርረኝ ነው ብዬ ቆምኩ። እሱ ግን ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር።

«የቢትኮይን ዋጋ ወድቋል። አሁኑኑ አጥፋቸው፤ ዕቃው ይጫናል።»

«ጌታው፣ ብቅሌ እኮ ገና እርጥብ ነው» አሉ እትዬ ጥሩ።

«እናቴ፣ በሠሩ ቁጥር ለኃይሉ የምከፍለው ከማገኘው በለጠ።»

«እኔስ? ተዝካር ጠርቼ ውኃ ላጠጣ ነው?»

ጎንበስ ብሎ ከብቅሉ ዘገነ። እርጥበቱን በጣቱ ዳሰሰና መልሶ በተነው።

«እስከ ነገ ይሥሩ» አለኝ።

በማግስቱ እትዬ ጥሩ የደረቀ ብቅላቸውን ይዘው ሄዱ። ማሽኖቹ ተጫኑ፤ ሰውየውም አብሯቸው ሄደ። ባዶው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የቀረሁት እኔ ነኝ።