አባቴ የመረጠው አምፖል

እኛ አምቦዎች አምፖል ሳናስሞክር አንገዛም፤ ታውቁናላችሁ።

አባቴ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደቀ። “ጨለማ ነው” አለኝ ሁለቱንም ጊዜ። ስለዚህ ወለሉን አስፈርሼ በማያንሸራትት ሴራሚክ ቀየርኩት፣ ግድግዳውንም ነጭ አስቀባሁት። መብራቱ ብቻ ቀረ። “እሱን እኔ ነኝ የምመርጠው” አለ። ጎጆ ከተማ ዕድሜውን በሙሉ ያስተማረ ሰው ነው፤ ካለ አለ ነው። ክንዴን ይዞ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ገባን። ክንዴን መያዝ ከጀመረ ቆይቷል፤ እርጅና ነው ብዬ ነበር።

ባለሱቁ አምፖሎቹን ተራ በተራ መሞከሪያው ላይ እየገጠመ ማብሪያውን ቀጭ እያደረገ ለአባቴ ያሳያል።

“ኦቦ ገመቹ፣ ይሄ ነጩ ነው።”

“ዓይን ይወጋል።”

“ይሄኛውስ? ቢጫ ነው።”

“ይሄማ ኩራዝ ነው እንጂ አምፖል ነው? ሌላ አምጣ።”

ስድስት አምፖል አስቀየረው። እኔ በአባቴ ፈንታ አፈርኩ፤ “አባዬ፣ ይበቃል” ብለውም አልሰማኝ አለ። ባለሱቁ ሰባተኛውን ሲገጥም መብራት ሄደ። መደርደሪያው ላይ የተሰቀሉት አምፖሎች በሙሉ ድርግም አሉ። እጁ ለምዶበት ነው መሰለኝ፣ ባለሱቁ ማብሪያውን እንደ ቅድሙ ቀጭ አደረገው።

አባቴ ፊቱ ፈካ።

“ኩን ጋሪዳ!” አለ። “ይሄ ጥሩ ነው። አሁን ገና በራ።”

ባለሱቁ ደንግጦ አየኝ። ሊናገር አፉን ሲከፍት ቶሎ ብዬ እጁን ያዝኩት።

“ጠቅልልልን” አልኩት።