የመነኮሳቱ ማጠቢያ ማሽንና የትርጉም ካርዶቼ

ሮም፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ በነበረው የትርጉም ቢሮ ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ነው። አለቃው ሲኞር ሬናቶ አንድ የእንግሊዝኛ ገጽ አቀበሉኝና «ወደ ጀርመንኛ፣ እስከ ምሳ ድረስ» አሉኝ። እንግሊዝኛውን ከአዲስ አበባ ይዤው መጥቻለሁ። ጀርመንኛውን ግን ማንም አላስተማረኝም። በባሕር ዳሯ ኦስቲያ፣ ፔንሲዮኔ በሚሉት አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ሦስት በጋ አልጋ ሳነጥፍ፣ ከጀርመን እንግዶች አፍና ሽፋኑ ከወለቀ መዝገበ ቃላት የለቀምኩት ነው።

ገጹን በሰዓቱ አስረከብኩ። አራሚያችን ፍራው ኤልዛ ሮማዊ አግብተው እዚያው የቀሩ ጀርመናዊት ናቸው። አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«እዚህ ገጽ ላይ ያለው ሠራተኛህ የማሽኑን ቀበቶ ተሸክሞ ፎቅ ወጥቷል። መቼ ነው የሚወርደው?»

እንግሊዝኛው «ቴክ አፕ» ይላል፤ የላላውን ቀበቶ አጥብቅ ማለቱ ነው። እኔ «ቴክ»ን ለብቻው፣ «አፕ»ን ለብቻው ተርጉሜ «ወደ ላይ ውሰድ» ብዬዋለሁ። ፊቴ ጋለ።

ወደ ቤት ስመለስ ባቡር ውስጥ ሳሰላስለው ነገሩ ለእኛ እንግዳ እንዳልሆነ ገባኝ። «ዝም አለ» ስንል ሰውየው ምንም አላለም። «ብድግ አለ» ስንልም ተነሣ እንጂ አልተናገረም። ሁለቱን ቃላት የሚለያይ ሰው ሁለቱንም ያጣቸዋል።

በማግስቱ ካርድ ማዘጋጀት ጀመርኩ። ለእያንዳንዱ ትርጉም አንድ ካርድ። ከላይ የእንግሊዝኛውን ግሥ፣ ከሥሩ ማን እንደሚሠራው፣ በምን ላይ እንደሚሠራውና ከተሠራ በኋላ ምን እንደሚታይ እጽፋለሁ። ጀርመንኛው የሚገባው መጨረሻ ነው። «ቴክ አፕ» ብቻውን አሥራ አንድ ካርድ ወሰደ። ካርዶቹን የማስቀምጥበት የጫማ ካርቶን ሲሞላ ፍራው ኤልዛ ከቤታቸው ሌላ አመጡልኝ።

የሙከራ ጊዜዬ ሦስት ወር ነበር። ሲኞር ሬናቶ የሥራ ደብዳቤ ካልጻፉልኝ የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ ኩዌስቱራ ፔርሜሶዬን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አያድስም። ፓስፖርቴ ቀኑ አልፏል። አገር ቤት ደርግ ነው፤ ከሮም የተመለሱ ሁለት የሠፈሬ ልጆች የት እንደደረሱ ቤተሰቦቻቸው እንኳ አያውቁም።

በሦስተኛው ወር ትልቁ ሥራ መጣ። ጀርመናውያን መነኮሳት የሚያስተዳድሩት የእንግዶች ማረፊያ ከእንግሊዝ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አስመጥቷል። መመሪያው አርባ ገጽ ነው። እመ ምኔቷ ማሽን ነክታ የማታውቅ አንዲት መነኩሲት በመመሪያው ብቻ እንድታሠራው ወስነዋል።

«እሷ ካልቻለች ሥራው ይመለሳል» አሉኝ ሲኞር ሬናቶ። «ሥራው ከተመለሰ ደግሞ ዳቪዴ፣ ደብዳቤ የለም።»

አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆምኩ። በሩ ከመከፈቱ በፊት ልብሱ የሚሽከረከርበት ከበሮ «ራን ዳውን» ያድርግ ይላል። ካርቶኔ ውስጥ ለዚህ ግሥ አምስት ካርድ ነበረኝ። አንዱም እዚያ ቦታ ላይ እጅ ምን እንደሚሠራ አላሳየኝም።

«ማሽኑን ማየት አለብኝ» አልኩ።

«ገና ከሳጥኑ አልወጣም። አሎራ፣ ለመሆኑ አንተ ተርጓሚ ነህ ወይስ መካኒክ?»

«እሱን ሳላይ አሥራ ሦስተኛውን ገጽ አልጀምርም።»

እንዲህ ያለ ድምፅ ከአፌ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሲኞር ሬናቶም አልሰሙም። «በምሳ ሰዓትህ እንጂ በእኔ ሰዓት አይደለም» ብለው ተዉኝ።

ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው እትዬ ፀሐይ ከተርሚኒ ጀርባ ባለ ሆቴል ምድር ቤት ልብስ ያጥቡ ነበር። ማሽናቸው ያው የእንግሊዙ ዓይነት ነው። መመሪያውን ይዤ ወረድኩ።

«ልብስ ማጠብ ለመማር ነው ሮም ድረስ የመጣኸው? እናትህ ቤት አላስተማሩህም?» አሉኝ እጃቸውን እያደራረቁ።

«እኔ በአማርኛ ላንብብልዎት፣ እርስዎ ይሥሩት።»

ሦስት ቀን ምሳ ሳልበላ አነበብኩ፤ እሳቸው ሠሩ። እያንዳንዱን የእጅ እንቅስቃሴ ጻፍኩ። አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ማሽኑን ሲያጠፉት እጄን ወደ በሩ ሰደድኩ። የእጄን ጀርባ ቸብ አደረጉት።

«እጅህን! ጠፋ እንጂ መቼ ቆመ? ከበሮው በራሱ ዞሮ ዞሮ እስኪሰክን ትጠብቃለህ። በመስታወቱ ልብሱን እይ፤ እሱ ሲረጋ ብቻ ትከፍታለህ። እኔ የቸኮልኩ ቀን ክንዴ ሊሄድብኝ ነበር።»

እዚያው ቆሜ ስድስተኛውን ካርድ ጻፍኩ። ከጠፋ በኋላ በራሱ ዞሮ መቆምን የሚናገረው «አውስላውፈን» የሚለው የጀርመንኛ ግሥ ልክ እንደ ክዳን ገጠመ። የእትዬ ፀሐይን የመስታወት ምልክትም በግርጌ ማስታወሻ አስገባሁ።

ሲኞር ሬናቶ ማስታወሻውን ሲያዩ ተቆጡ። «ተርጓሚ ከራሱ አይጨምርም!»

ፍራው ኤልዛ ቀና ሳይሉ «ይቆይ» አሉ። «የተርጓሚ ማስታወሻ እንደሆነ ጽፎበታል። መነኩሲቷ ክንዷ ያስፈልጋታል።»

በፈተናው ቀን ሦስታችንም ሄድን። የተመረጡት ዕድሜያቸውን ሙሉ በእጃቸው ያጠቡ አሮጊት መነኩሲት ናቸው። ጮክ ብለው አንድ መስመር ያነባሉ፣ ይሠራሉ፤ ደግሞ ያነባሉ። እኔ ከግድግዳው ተጣብቄ ገጹን በልቤ አብሬ እገልጣለሁ። ቀበቶውን አጠበቁ። ውኃውን አስገቡ፣ አወጡ። አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ማሽኑን አጠፉና ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላቸው አጣምረው መስታወቱን አዩ። ከበሮው ዞረ፣ ዞረ፣ ሰከነ። ያን ጊዜ ብቻ ከፈቱት። ነጩ አንሶላ ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

አርባውም ገጽ ሲያልቅ አንዴም «ምን ማለት ነው?» ብለው አልጠየቁም።

እመ ምኔቷ «የወጥ ቤቱ ማሽንም መመሪያ አለው፤ ይኸው ሰው ይተርጉመው» አሉ። ሲኞር ሬናቶ ወዲያው ክንዴን ያዙ። «ሲ፣ ሲ! የእኛው ዳቪዴ ነው!» ደብዳቤዬን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ፍራው ኤልዛ በታይፕ መቱት፣ ሲኞር ሬናቶ ፈረሙበት። ፔርሜሶዬ ታደሰ።

ለእትዬ ፀሐይ ላወራላቸው ምድር ቤቱን በሩጫ ወረድኩ። ሁሉንም ሰምተው ወገባቸውን ያዙ።

«እንግዲያው እኔም ጀርመንኛ እናገራለሁ በለኛ! ስሜ የታል መጽሐፉ ላይ?»

ስማቸውን ማስገባት አልተፈቀደልኝም። በስድስተኛው ካርድ ጀርባ ግን ጽፌዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ መመሪያ ተርጉሜያለሁ፤ በሙያው ለሚገቡ ወጣቶች የማሳያቸው ሥራም ይኸው ነው። የእጅ ሥራ የሚተረጉም ሰው አስቀድሞ ሥራውን የሚያውቀውን እጅ ፈልጎ ያይ። መዝገበ ቃላቱን የሚገልጠው ከዚያ በኋላ ነው።