በሩ ላይ የተለጠፈው ቢጫ

ኤውላልያ የአውቶቡስ ሾፌር ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው ሮዛሪዮ ከተማ ነው። ዓይኗ ስለታም ስለነበር አባቷ «ይቺ ልጅ የትንኝ ክንፍ ላይ አቧራ ታያለች» ይል ነበር። አድጋም ሥራዋ ያው ማየት ሆነ። በጨለማ ክፍል ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍታ፣ በሽታን የሚዋጉ የደም ህዋሶች ጠላት ሲነካቸው ወሬውን እንዴት ወደ ውስጥ እንደሚያደርሱ ትመለከታለች። በህዋሱ ገላ ላይ ያለውን ተቀባይ አረንጓዴ፣ ወሬ አድራሹን ደግሞ ቀይ በሚያበራ ቀለም ትነክራለች። ሁለቱ የተገናኙበት ቦታ ቢጫ ሆኖ ይታያል።

ያንን ቢጫ ያየች ቀን ላቦራቶሪው በጭብጨባ ተናጋ። ምስሉ በሩ ላይ ተለጠፈ። አባቷ ለተሳፋሪው ሁሉ አወራ። አለቃዋ ዶክተር ኔሊዳም ምስሉን ይዘው ነገ ኮርዶባ ከተማ ለጉባኤ ሊሄዱ ነው።

ዛሬ ጠዋት ግን ያኔ በችኮላ የዘለለችውን ፈተና ሠራች። አረንጓዴ ብቻ የተነከረ፣ ቀይ ጠብታ እንኳ ያልነካው ህዋስ ነበር። ቀዩን ብርሃን ብቻ በሚያሳልፈው ማጣሪያ ስታየው ቦግ አለ። ለካ የአረንጓዴው ብርሃን ወደ ቀዩ እየፈሰሰ ኖሯል፤ ቢጫው የአንድ ቀለም ሥራ ነበር።

በእረፍት ሰዓት የላቦራቶሪው ሰዎች እንደ ልማዳቸው ክብ ሠርተው፣ ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻይ ከአንድ ቅል በየተራ ሲጠጡ ቅሉ ደረሳት። ጠጥታ ስትመልስ «አመሰግናለሁ» አለች። እዚያ አገር እንዲህ ያለ ሰው ከእንግዲህ አይቀዳለትም።

«ምነው፣ ታዋቂዋ? ከእኛ ጋር መጠጣት ቀረ?» አለ ቀጂው ኡሊሰስ። ሁሉም ሳቁ።

ዶክተር ኔሊዳ አልሳቁም። «ልጄ፣ ምን ሆነሻል?»

«ዶክተር… ያ ምስል ውሸት ነው። አረንጓዴውን ለብቻው ሳላይ ነው ያሳየሁዎት።»

ሳቁ ተቆረጠ።

«መቼ አወቅሽ?»

«አሁን ጠዋት።»

«ነገ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከቆምኩ በኋላ ቢሆንስ ኖሮ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ያጨበጨቡላት እጆች ሁሉ ጭናቸው ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

ዶክተር ኔሊዳ ተነሥተው ምስሉን ከበሩ ላጡ። አልቀደዱትም። «እንኪ፤ ከማይክሮስኮፑ በላይ ለጥፊው። እኔ የአምናውን ሥራዬን ይዤ እሄዳለሁ። አሮጊቷ አዲስ ነገር የላትም ይበሉኝ።»

ከቁጣ ይልቅ ይህ አንገቷን አስደፋት።

ኡሊሰስ ሙቅ ውሃ ጨምሮ ቅሉን ዘረጋላት።

«አመሰግናለሁ አልኩህ እኮ።»

«እኔ አልሰማሁም። ያዢ፣ ክንዴን አታድርቂው!»

ቀና ሳትል ተቀበለችው። ምስሉን ጉልበቷ ላይ ገልብጣ ጠጣች።