እናቴ ያጠበችው ሜሮን

ዛሬ አሰላ፣ የልጅ ልጄ ክርስትና ላይ፣ ቄሱ ሜሮን ሲቀቧት እናቴ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

"ምነው እማዬ?" አልኳት።

"ያንቺን አጥቤዋለሁ" አለችኝ።

ለካ በደርግ ጊዜ ካድሬ የነበረው አባቴ ክርስትና እንዳልነሳ ከልክሏት ኖሯል። በሰማንያ ቀኔ፣ የታመመች እህቷን ልጠይቅ ብላ፣ ከኢተያ ጢቾ ወስዳ አስጠመቀችኝ።

ስንመለስ የሜሮኑ መዓዛ እንዳያሳብቅባት ፈራችና ግንባሬን በወንዝ ውኃ አጠበችው። (ነፍሱን ይማረውና፣ አባቴ እንኳን ሜሮን ያረረ ወጥም አይሸተውም ነበር!)

ቄሱ "ሜሮን የመንፈስ ቅዱስ ማኅተም ነው፤ በውኃ አይለቅም" ብለው አጽናኗት።

"እሱስ ይሁን አባቴ፤ እኔ ግን ከእግዚአብሔር ይልቅ ባሌን ፈራሁ" አለቻቸው።



በዚያ ዘመን ተደብቃችሁ ክርስትና የተነሳችሁ ካላችሁ፣ እናቶቻችሁ የነገሯችሁን እዚህ ጻፉልኝ። አነብላታለሁ።