ስንዴ የሌለበት ዳቦ ቤት

ባለፈው ሳምንት ከሰፈራችን ጥግ አዲስ ዳቦ ቤት ተከፈተ። የልጅ ልጄ ታፔላውን ቆማ አነበበችልኝ፤ «ከስንዴ ነፃ» ይላል። ዘመኑ ዞሮ አንቺ ዘንድ መጣ ብላ ሳቀችብኝ፤ ስንዴ እንደማልቀምስ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃልና። እኔም ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ዳቦ ቤት ከሃምሳ ምናምን ዓመት በፊት ነቀምቴ ውስጥ አውቅ ነበር፤ ታፔላ ብቻ ነው ያልነበረው።

በጃንሆይ ዘመን ነው። በሃያ ዓመቴ ከመምህራን ማሰልጠኛ ወጥቼ ነቀምቴ ተመደብኩ። የዚያን ጊዜውን መንገድ መንገድ ብሎ መጥራት ውሸት ነው። ከባኮ ወዲያ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ፣ እኛም እየወረድን እየገፋን፣ በሁለተኛው ቀን ደረስን። አገሩ ለምለም፣ ሰዉ ሰላምታው የማያልቅ። እኔ ግን የሸዋ ልጅ ነኝ ብዬ ኩራቴ ከሻንጣዬ ይከብድ ነበር። ገበያ ላይ የበቆሎ ዳቦ ሲሸጥ አይቼ፣ ይሄማ የተሸካሚ ምግብ ነው ብዬ አፍንጫዬን ነፍቼ አለፍኩ።

ስለዚህ ጠዋት የስንዴ ዳቦ በሻይ፣ ቀን ደግሞ ምግብ ቤት ገብስ የተቀላቀለበት እንጀራ እበላለሁ። ሆዴ ከልጅነቴም ደህና አልነበረም፤ ያን ዓመት ግን ባሰብኝ። በጥቅምት ጉርድ ቀሚሴ ከወገቤ እየወረደ አስቸገረኝና በገመድ አሰርኩት። አከራዬ አዝነው የገብስ ገንፎ በቅቤ እየሠሩ ያበሉኝ ጀመር። ገብስ የእህል ንጉሥ ነው ይባል የለ፤ ለታመመ ሰው ከዚያ የሚበልጥ ምን አለ? እበላለሁ፣ ይብስብኛል። በኅዳር መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ወደቅሁ።

ዳይሬክተሩ ቢሯቸው ጠሩኝና እስከ ገና ካልተሻለኝ በቦታዬ ሌላ ሰው ተመድቦ እኔ ወደ እናቴ እንደምመለስ ነገሩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እየራሩልኝ ነው። እናቴ ቤት ግን ምን እንደሚጠብቀኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ሽማግሌ የላከ የአባቴ እኩያ ነበረ፤ ሥራ ይዣለሁ ብዬ ነው ያመለጥኩት። ያቺ ሥራ ከእጄ ከወጣች እምቢ የምልበት አፍ አይኖረኝም።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ፈረንጁ ሐኪም አማርኛ አያውቅም፤ ኦሮምኛውን ግን እንደ አገሬው ያንበለብለዋል። እሱ በኦሮምኛ ሲናገር ነርሷ በአማርኛ ነገረችኝ፤ ስንዴና ገብስ አንጀቴን እየጎዱት ነው፣ ከእንግዲህ ቅንጣት እንዳልቀምስ። ምን ልበላ ነው ብዬ ስጨነቅ አይታ፣ ወደ ቡርቃ ጃቶ በሚወስደው መንገድ ዳር በቆሎና ጤፍ የሚጋግሩ ሴት እንዳሉ ጠቆመችኝ። ስማቸው ለሊሴ ነው፤ ከተማው ግን «አዮ ለሊሴ» ይላቸዋል፣ እናታችን እንደማለት።

እያፈርኩ ሄድኩ። አዮ ለሊሴ ረጅም፣ ቁጥብ፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ዱቄት የለበሰ ሴት ነበሩ። ዳቦው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይበስላል፤ ቅጠሉ ሲገለጥ የሚወጣው ጣፋጭ እንፋሎት ምራቅ ያስውጣል። የሐኪሙን ቃል አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከማግስቱ ጀምሮ ለእኔ ትንሽ ዳቦ ለብቻ ይጋገርልኝ ጀመር። ለስላሳ ነው፣ እንደ ሌሎቹ አይፈረፈርም። የእጃቸው ሙያ ነው ብዬ አደነቅሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ለገና ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው።

ዳቦዬን ልወስድ ሳልመጣ ብቀር አዮ ዳቦውን በእጃቸው ይዘው መጡ። አጥንቴን አዩና ሌላ ምን እየበላሁ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከእርስዎ ዳቦ በቀር ምንም አልኳቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት።

«ኢንታላ ኮ፣ ስንዴ አለበት» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ለካስ ለአስተማሪ፣ ያውም ከሩቅ ለመጣች እንግዳ፣ ደረቅ በቆሎ ማብላት ነውር ሆኖባቸዋል። ለገና ድፎ ካስቀመጡት የስንዴ ዱቄት በየቀኑ እፍኝ እፍኝ ይጨምሩልኛል። የሐኪሙን ቃል አልናቁም፤ ግን እፍኝ ስንዴ ሰው ይጎዳል ቢባል ማን ያምናል? እናቴ ራሷ አታምንም ነበር።

«ያከበርኩሽ መስሎኝ ልገድልሽ ነበር። ይቅር በይኝ» ብለው፣ በዕድሜ እናቴን የሚበልጡት ሴት ከአልጋዬ ሥር ተንበረከኩ።

መቆጣት ፈልጌ ነበር፤ እንባቸውን ሳይ አልሆነልኝም።

የዚያኑ ቀን የስንዴውን ጆንያ ከቤታቸው አወጡ። የገና ድፎ ያዘዟቸውን ሰዎች ሁሉ ሌላ ጋጋሪ ፈልጉ ብለው መለሱ። ወንፊቱንና ቡሃቃውን በአዲስ ለወጡ። ወፍጮ ቤት የሁሉም እህል በአንድ ድንጋይ ስለሚፈጭ በቆሎውንና ጤፉን ጓሯቸው በእጅ ወፍጮ ይፈጩት ጀመር። ጎረቤት ለአንዲት መንገደኛ ብላ እንጀራዋን ዘጋች ብሎ አማቸው። እሳቸው በየጠዋቱ ዳቦ ይዘው እየመጡ ሆድሽ እንዴት አደረ ይሉኛል። ዳቦው አሁን ሻካራ ነው፣ እጄ ላይ ይፈረፈራል። ሲፈረፈር ደስ ይለኛል፤ ንጹሕ መሆኑን የማውቀው በዚያ ነበር።

የገና ዋዜማ ክፍሌ ገብቼ ቆሜ አስተማርኩ። ዳይሬክተሩ በመስኮት አዩኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ነቀምቴ አራት ዓመት ቆየሁ፤ ድፎው በዚያ ቤት ተመልሶ አልተጋገረም። ሽማግሌ የላከውም ሰው መጠበቅ ሰልችቶት ሌላ አገባ። ኋላ የወደድኩትን አግብቼ፣ ወልጄ፣ ጡረታ እስክወጣ አስተማርኩ።

ዛሬ እንግዳ ሲመጣብኝ ምን እንደሚስማማው ሳልጠይቅ ምግብ አላቀርብም። በእኛ አገር እንግዳን ልስጥህ ወይ ብሎ መጠየቅ ንፉግ ያሰኛል፤ ዘመዶቼም ያሙኛል። ይሙኝ። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አዮ ለሊሴ ስላከበሩኝ ተንበርክከው ይቅርታ ጠየቁኝ፤ እኔ ግን ነፍሴን ያተረፈውን ዳቦ ስለ መናቄ ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ነው የተሰናበትኳቸው።