የገመዱ ጫፍ

እዚህ ካናዳ፣ ኤድመንተን ውስጥ ከጎረቤቴ ጋር የተከራየነውን የጓሮ አትክልት ቦታ ለመካፈል ገመድ ስንዘረጋ፣ የእርጥቡ ቃጫ ሽታ አክስቴን አመጣብኝ።

ልጅ ነበርኩ። የአክስቴ መሬት በመሬት አዋጁ ከተፈቀደው ይበልጣል ተባለ። ትርፉ መሬት የሚደርሰው ለቀድሞ ጭሰኛቸው ስለነበር፣ ሁለቱ በገበሬ ማኅበሩ ሸንጎ ተካሰሱ። ሸንጎው መሬቱ ይለካ አለ። የገመዱን ጫፍ የያዘው ያው ጭሰኛ ነበር። የቀድሞ እመቤቱን ይሉኝታ ያዘውና፣ አንዱ ገመድ ብዙ መሬት ይዞ ጠቅላላው አንሶ እንዲለካላቸው ከገመዱ ጫፍ አለፍ ብሎ ችካል ተከለ።

አክስቴ ነጠላቸውን አጥብቀው መጡና ችካሉን ነቀሉት።

«ወደ ኋላ መልሰው! በሸንጎ እከራከርሃለሁ፤ በገመድ ግን አልሰርቅህም» አሉት።

ያን ያህል ኩሩ ሴት ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

«በአንቺ በኩል ቼክ አድርጊው፤ ልክ ነው?» አለችኝ ጎረቤቴ ከወዲያ ጫፍ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት፣ እግሬ ከገመዱ ጫፍ አልፎ እንደሆነ ጎንበስ ብዬ አየሁ።