ጤነኛ ልብ ፍለጋ

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከድንበር ማዶ፣ ገዳሪፍ ከተማ አጠገብ በነበረ የስደተኞች ካምፕ ጤና ረዳት ነበርሁ። ስንዴ ስንጠብቅ ኢሲጂ የሚሉት፣ የልብ ምት በወረቀት ላይ የሚስል ማሽን መጣልን። ሐኪሙ የጤነኛ ምት ሊያሳየን በየተራ ቢያስተኛን፣ እኛም እንደ ሕዝቡ ራሽን ጠባቂ ነንና የሁላችንም ምት ዘገምተኛ፣ ሞገዱም ትንሽ ሆነበት።

«እንዴት አንድ ጤነኛ ይጥፋ?» ብሎ ተቆጣ።

ቢቸግረን ከከተማ፣ ዱራ የሚሉትን ማሽላ የሚሸጥ ባለ መጋዘን ለምነን አመጣን። ሰውዬው የማሽኑ ገመድ ደረቱ ላይ እንደተለጠፈ፣ ዱራ ከነገ ጀምሮ በእጥፍ እንደሚሸጥ አጫወተን። ምቱ ቅንጣት አልተዛነፈም።

«ጤነኛ ልብ ማለት ይኼ ነው» አለ ሐኪሙ።

ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፈን፣ የተራበውን ሁሉ ልብ ከሱ ጋር ስናስተያይ ከረምን።